የዳጋዱ ላዱ

ስሙ ዳጋዱ ነው፤ ድንጋይ ማለት በእኛ፣
ስኳር ሲያቀልጥ የኖረ፣ የስኳር ምርኮኛ፤
ኮልሃፑር ገበያ፣ ከሐይቁ ዳርቻ ላይ፣
አርባ ዓመት የቆመ፣ ከእሳት ሳይለይ።
ሰርግ ያለ እሱ አይደምቅም፣ ልደት ያለ እሱ የለም፣
የተጣላም ሲታረቅ በእሱ ሳጥን ነው ሰላም።
እጁ ያጣፍጣል፣ ሚዛኑም አይጎድልም፣
ስኳር ግን ባለጌ ነው፣ ውለታ አይቆጥርም፤
ሲሸጠው ሲሸጠው፣ አንድ ቀን ተመልሶ፣
በደሙ ውስጥ ገባ፣ ጎጆውን ቀልሶ።

"ጣት ገማ ተብሎ ተቆርጦ አይጣልም"
የሚሉት ተረት ግን ሐኪም ቤት አይሠራም፤
የግራ እግሩን ትንሽ ጣት ቆርጠው ጣሉበት፣
"ጣፋጭ" አሉት፣ "ከእንግዲህ በዓይን ብቻ ብላት።"

እኔ ሙክታ ልጁ፣ ትግል ነው ሥራዬ፣
ቀይ አፈር ምንጣፌ፣ ላቤ ነው ሽቶዬ፤
አሬራ ተረጭቶ፣ እርድ ተነስንሶ፣
ጎሕ ሳይቀድ መሬቱ ይጠብቀኛል ታርሶ።
አሠልጣኜ አለችኝ፦ "ጉልበትሽ ጥሩ ነው፣
ደቂቃው ሲገፋ ግን የሚከዳሽ ምነው?"
በላስቲክ የታሸገ የፈረንጅ ብስኩት ገዛሁ፣
የሁለት ቀን ደመወዜን እንደ እንጨት አኘክሁ።
አባቴ ወረቀቱን በመነጽር አነበበ፣
ከንፈሩን ነከሰ፣ ቆየና አሰበ፤
"ስኳር" አለ፣ "ይኸው ደግሞ፣ በሌላ ልብሱ፤
ይሄን ሰው አውቀዋለሁ፤ ጣቴ አለ በጥርሱ።"

በማግስቱ ሌሊት ከኩሽና ድምፅ ሰማሁ፣
ሌባ መስሎኝ በባዶ እግሬ ተነሣሁ፤
አባቴ ሰሊጥ ይቆላል፣ ጆሮውን አዘንብሎ፣
"ሲንጣጣ ነው ማውጣት፣ ሳይጠቁር" ብሎ።
ኦቾሎኒውን አሸ፣ ገለባውን እፍ አለ፣
ግማሹ ግድግዳ ላይ፣ ግማሹ ጢሙ ላይ ዋለ፤
ተምሩን ፈለፈለ፣ ፍሬውን ለይቶ፣
ወቀጠው እንደ ጠላት፣ ጥርሱን አግጥቶ፤
የሙጫውም ጠብታ በቅቤ ተጠብሶ
አበበ እንደ ፈንዲሻ፣ ነጭ መልክ ለብሶ።
ሄል ሁለት ፍሬ፤ "ሦስተኛው ይበዛል"
እያለ፣ ሦስተኛውን ደብቆ ይጥላል።

የመጀመሪያው ላዱ ከእጁ ላይ ፈረሰ፣
ሁለተኛው ሳሕኑ ጋ ሳይደርስ ተደረመሰ።
አርባ ዓመት በሽሮፕ ያጣበቀ መዳፍ፣
ዛሬ ያለ ሽሮፕ እንደ ሕፃን ሲኮላተፍ!
ተራገመ፣ ወጣ፣ ተመለሰ፣ ገባ፣
ተምሩን አሞቀው፣ እጁን ቅቤ ቀባ፤
"ሲሞቅ ነው" አለ ቀስ ብሎ፣ "እንደ እርቅ፣ እንደ ምክር፤
ከቀዘቀዘማ..." አልጨረሰም ነገር።

"ቅመሺልኝ" አለ፤ ምላሴን አዋስኩት።
"ተምርም ስኳር አለው" ሲል በዓይኔ አየሁት፣
የላዱውን ጣዕም ከፊቴ ላይ ሲያነብ፤
ቅንድቤ ሲነሣ ሲደነግጥ፣ ሲያስብ።

ጎረቤቱ ናምዴቭ ሳቀ፦ "ጣፋጭ ያለ ስኳር?
ሙሽራ የሌለው ሰርግ! ጀልባ ያለ ባሕር!"
አባቴ ዝም አለው፤ ጫማውን አየና፤
የዚያን ሙሽራ ጥሎሽ ከፍሎ ጨርሷልና።

በበዓሉ ትግል፣ ከሳንግሊ የመጣች፣
ቫይጃንቲ የሚሏት፣ ምሰሶ የመሰለች፣
ሃያ ደቂቃ ሙሉ አፈር ላይ ተያይዘን፣
አልጣልኳት፣ አልጣለችኝ፤ ዳኛው ገላገለን።
ግን እግሬ አልከዳኝም፤ ይህ ነው የእኔ ዋንጫ።
ከጨርቅ የተጠቀለለ፣ ከአፈሩ መውጫ፣
ሁለት ላዱ ነበረኝ፤ አንዱን ለእሷ ሰጠሁ።
"ማነው የሠራው?" አለች፤ "ድንጋይ" ብዬ መለስሁ።
"እንዲህም ያለ ድንጋይ አለ?" ብላ ሳቀች፣
አፈር የነካውን ጣቷን ሳትጠርግ ላሰች።

ማታ ላይ አባቴ ጣቱን በመርፌ ነካ፣
ያቺ ትንሽ ማሽን ደሙን እስክትለካ
መስኮት መስኮት አየ፤ ቁጥሯን ደበቀና፣
አንዷን ላዱ ለአራት ከፈለ በጥሞና፤
ሩቧን አፉ ላይ አኖረ፣ ሳያኝክ ቆየ፣
አርባ ዓመት የሸጠውን ያን ዕለት ያየ።
ትንፋሼን ይዤ ቆምኩ።
ዋጠ። ጢሙን ጠረገ።

"ሄሉ በዝቷል" አለኝ።