የግራው ፈር

ከደብረ ብርሃን ማለዳ ተነሥቼ፣
የበጎች ክትባት በበረዶ ሞልቼ፣
ከኮርቻው ኋላ ሳጥኑን አስሬ፣
ጥግ ጥጉን ነበረ የሚሄድ ሞተሬ።
ጠርዙን ሙጥኝ ብዬ፣ እንደ ሰው ቤት እንግዳ፣
መሀል አስፋልቱ ላይ እንዳለብኝ ዕዳ፤
መኪና በመጣ ቁጥር ጠጠር ላይ መውረዴ፣
«ይለፉ ጌታዬ» ይል ነበር አነዳዴ።

«ጥግህን ይዘህ ሂድ» የእናቴ ምርቃት፣
ለእግር ነው የሠራችው፤ ሞተር መቼ ገባት?

ጣርማ በር ስደርስ ግን ጉሙ እንደ መንዝ ባና
አፋፉን ሸፍኖት፣ ጠፍቶበት ጎዳና፣
አንድ ኤፍኤስአር ሲሚንቶ ጭኖ መጣና
ስፖንዳው ክንዴን ላሰኝ።
ጠጠሩ ከዳኝ።
ወደቅሁ።
ሳጥኔ ተከፈተ፤ በረዶው ተበተነ፤
ብልቃጡ ጭቃው ላይ የወደቀ ቆሎ ሆነ።

ሾፌሩ ግን ቆመ። ጎማው ሥር ድንጋይ ከቶ
ወረደ እየሮጠ፣ ፊቱ አመድ ተቀብቶ፤
አጥላባቸው ይሉታል፣ ያጣዬ ሰው፣ ሸበቶ።
«ተረፍክ ወይ?» አላለም። «የት ነበርክ?» ነው ያለኝ፤
ከፊቱ እንዳልነበርኩ፣ ከሰማይ እንደጣለኝ።

ክንዴን በፎጣው አሥሮ ጋቢናው ላይ አወጣኝ፣
በሱ ወንበር አስቀምጦ መሪውን ሰጠኝ፤
ረዳቱን፣ «ቢያድግልኝ፣ ሞተሩን ጥግ ግፋ።»
መስታወቱን አየሁ።
ሞተሬ ጠፋ።

ቀይ ነው። ታርጋው የወረዳ ነው። እጄን ብዘረጋ የምነካው ይመስለኛል።
ጉሙ አይደለም የጋረደው፤ የበሩ ብረት ነው።
«አየህ?» አለኝ።
«አላየሁም።»
«እኔም አላየሁህ።
ፊቴን ከመስታወቴ ፈልገህ ስታጣው፣
ያን ጊዜ ዕወቀው፤ አንተን ከዓይኔ ያወጣው
ቁመትህ አይደለም፤ የቆምክበት ነው ጣጣው።»

ዝም አለ። መሪውን በመዳፉ አበሰ።
«ሠላሳ ዓመት ነዳሁ። አንድ ሰው አለብኝ።
ሸዋ ሮቢት መግቢያ ነው፣ ከቀኜ ገባብኝ፤
ድምፁን እንኳ አልሰማሁ። ሕዝብ ነው የነገረኝ።»

ወረድን። በዱላው ጫፍ አስፋልቱን ጫረና፣
«ፈር አለው» አለኝ፣ «ይኸም፣ እንደ በሬ እርሻ፤
መሀሉ ዘይት ነው፣ የመኪና ላብ ማፍሰሻ፤
ጥጉ ደግሞ ጠጠር፣ የፍየል መሸሻ።
የግራ ጎማዬ የወለወለውን
ፈር ያዝ፤ እሱ ላይ ሁን፤ ዓይን የሚያገኘውን።
ርስት ግን አይደለም፤ አጥር አትጠርበት፤
ኩርባው ላይ ተሳቢ ቢመጣ ሰፍቶበት፣
ወደ ቀኙ ፈር ግባ፤ ኩራት አይሠራበት።»

«በል ፊት ፊቴን ሂድ» አለኝ፤ መብራቱን አበራ።
ክንዴ እየጠዘጠዘኝ ያዝኩ ወደ ግራ።
እንዴት እንዳፈርኩኝ! ሰርግ ቤት ሳልጠራ
ገብቼ እንደ ተቀመጥኩ ከሙሽራው ጋራ።

ዋሻው ውስጥ ገባን። ጣሪያው ያንጠባጥባል፤
ጠብታው በአንገቴ ገብቶ ወደ ጀርባ ይወርዳል፤
የኋላዬ መብራት ጥላዬን ያስረዝማል፤
አየሁት ግድግዳው ላይ፤ ለካ ሰው ያክላል።

ስንወጣ ጉሙ የለም። ቁልቁለቱ ሞቀ።
የጭላዳ መንጋ ከጥጉ ፈለቀ፣
ጠጠሩን አቋርጦ ገደል ውስጥ ዘለቀ።
ደብረ ሲና መግቢያ ቆሎ ሻጮች ወጡ፣
ላስቲካቸውን ይዘው ወደ መስኮት ሮጡ፣
በጥጉ። በኔ ጥግ። ጠዋት በነበርኩበት።
አንዲት ልጅ፣ «ባለሞተር፣ ቆሎ!» ብላ ስቃ
በቀኜ አለፈች፣ ክንድ ያህል ርቃ።
እንደ ጠዋቱ ብመጣ ኖሮ...
አልጨርሰውም።

ክትባቱ ከደመወዜ ተቆረጠ። ሦስት ወር።
አጥላባቸውን ዳግም አላየሁትም፤ ብቻ
ኤፍኤስአር በመጣ ቁጥር መስታወቱን አያለሁ፤
ፊት እፈልጋለሁ። ሸበቶ ባይሆንም፣ ሰው እፈልጋለሁ።

እናቴ እንደሆነች አልተወችም ምርቃት፤
«ጥግህን ይዘህ ሂድ።» ማን ደፍሮ ይረታት?
«አሜን» እላለሁ።
ከዓይኗ እስክርቅ ድረስ፣ እስከዚያ ኩርባ ድረስ፣
በጥጉ እሄዳለሁ።