ከአንገት በላይ

ሞላላ ኳስ ላከ፣ ከሜልቦርን፣ የአዛናው አጎት፣
በእጅ የሚያዝ፣ በእግር የሚለጋ፣ ሰው የሚጣልበት።
አዘዞ ሜዳ ላይ፣ ከዝናብ በኋላ፣
ወደ እኛ ስንላት ስትነጥር ወደ ሌላ፣
እያሳደድናት
አንገቱን ያዝሁት፤
አዙሬ ጣልሁት።

ድው አለ ጭንቅላቱ። ድንጋይ ነበር ከሥር።
ተነሣ። ሳቀ። ጭቃ ጠረገ ከግንባር።

«ዛሬ ቀኑ ማን ነው?» አሉት መምህር ቢያድግልኝ፤
«ማክሰኞ» አለ። እሑድ ነበር።
ብርድ ብርድ አለኝ።

«ወንድ ነው! ይጫወት!» ጮኸ ከዳር የቆመው፤
መምህሩ ኳሷን በብብታቸው ሸጎጧት፦
«ወንድስ ነው፤
ግን ጭንቅላት እንደ ባጃጅ ጎማ መለዋወጫ የለው።»
ከኪሳቸው ጠመኔ አውጥተው አሰመሩ በእኔው ሸሚዝ ላይ፦
«ስትይዝ ከትከሻ በታች፣ ከጉልበት በላይ።
ከአንገት በላይ የያዘ ይወጣል።»
ወጣሁ።

ማታ ጎንደር ሆስፒታል፣ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ «ይቅርታ» አልሁት፤
«ይቺም ከአንገት በላይ ናት፣
ፊሽካ ይነፋብህ!» ብሎ ሳቀብኝ።
ሳቁን ሳይጨርስ ስሜን ሊጠራ አፉን ከፈተ።
ፈለገው።
አጣው።

ያኔ ነው ይቅርታዬ
ከአንገት ወደ አንጀት የወረደው።