ያልተለሰነ

ኮዬ ፈጬ። መብራት ከሄደ ሦስተኛ ማታ።
ከብሎክ ሁለት መቶ አሥራ ሰባት፣ ከደረጃው ሥር ካለች ቦታ
ተኮልኩለናል ስምንት ልጆች፤ መካከላችን አንድ ስፒከር፣
ቻርጁ ሊያልቅ ቀይ ዓይኑ ብልጭ የሚል፣ እንደሚያንጎላጅ ዘበኛ ነገር።

ሚልኪያስ ጀመረው። ሁልጊዜም እሱ ነው የሚጀምረው፤
የሰፋ ሱሪው እግሩን ሳይሆን መንገዱን ነው የሚጠርገው።
«ሂፕ ሆፕ ማለት» አለ፣ ጣቱን እንደ ዳኛ ቀስሮ፣
«ባስ ነው፣ ከበሮ ነው፣ እውነት ነው፤ የቀረው ግን ዞሮ ዞሮ፣
ክራር የተሸጎጠበት፣ እስክስታ የተለወሰበት ሁሉ፣
የሆቴል እራት ማጀቢያ ነው፤ ከቱሪስት ጋር ነው ውሉ!»

ኪሩቤል ሲናደድ ይንተባተባል፤
ቢት ሲያገኝ ግን ምላሱ፣ ዘይት እንደጠጣ ሰንሰለት ይከንፋል።
«የ... የ... የሰው አገር ሱሪ! ስለ ባቡር ትጽፋለህ፤ ባቡር እዚህ መች መጣና?
ቃሊቲ ላይ ነው የቆመው። ከዚያ ወዲህ ሚኒባስ ነው፤ እሱም ተሰልፈህ ገና!
ፉከራስ ምንድን ነው? ቢት ያጣ ራፕ አይደለም ወይ?
አልቃሿስ፣ በሟች ስም እዚያው ቤት ስትመታ፣ ሰምተህ አታውቅም ወይ?»

«አልቃሽ?» አለ ሚልኪያስ፣ «ሂፕ ሆፕን ልትቀብሩት ነው እንዴ?»
«ከሞተማ፣» አለች ሶሬቲ፣ «ድምፄ የሻከረው ለዚህ ነው፤ ላልቅስለት አንዴ።»

ሶሬቲ ቀኑን ሙሉ ቱሉ ዲምቱ አደባባይ ተራ ታስከብራለች፤
«ሳሪስ ሳሪስ ሳሪስ! ሁለት ሰው! አንድ ሰው!» ትላለች።
ሲመሽ ጉሮሮዋ አሸዋ ነው። ስለ ሂፕ ሆፕ ብትጠየቅ፣
«ባዶ ወንበር ከሞላ እውነት ነው፤» ትላለች፣ «አንተ ደግሞ አትራቀቅ።»

ከአራተኛ ፎቅ አንዲት እናት፦ «ኧረ ሕፃን ተኝቷል በናታችሁ!»
ዘበኛው ጋሽ በዳሳ ባትሪ አበሩብን፦ «ምንድን ነው የሚያጣላችሁ?»
ነገርናቸው። ጥቂት አሰቡ። «ታዲያ» አሉ፣ «ቀስ ብላችሁ ተጣሉ።»
ባትሪውን አጥፍተው ሄዱ፤ በድሮ ማሳቸው ላይ፣ በጨለማ፣ ሳይሰናከሉ።

ከዚያ የኔ ተራ ሆነ። አንድ የምኮራበት ግጥም አለኝ፤
ስለ እስር ነው፣ በ«እኔ» የተጻፈ፣ ብዙ ሰው «እሳት!» ያለኝ።
«ብረት አልጋዬ ሲንቋቋ፣ ሌሊቱን ስቆጥር በዝገት...»
እያልኩ ገና መግባቴ፣ እጄ ሲወናጨፍ፣ አንገቴ ሲመታ በስልት፣
ወንድይፍራው ሳለ። ጥግ ላይ ነበር፤ ሲመጣ ማንም አላየውም።
አሥራ አራት ወር ቆይቶ የተፈታ ሰሞን ነው፤ ስለዚያ አያወራም።

«ብረት አይደለም» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «እኛ የተኛነው ሲሚንቶ ላይ ነው።
ሲሚንቶ ደግሞ አይንቋቋም።»
                      ስፒከሩ ያኔ ነው የሞተው።

ዝም። ሚልኪያስ እንኳ ዝም። ከሜዳው ማዶ መብራት ይታያል፤
እኛ ጋ ሲጠፋ እዚያ አይጠፋም፤ አጥሩን ሌሊቱን ሙሉ ይጠብቃል።
«በል አንተ በል» አሉት፤ እኔ አፌን አልከፈትኩም።
ደም ጠበቅን፤ ካቴና ጠበቅን። እሱ ግን አልሰጠንም።
ስለ ታናሽ እህቱ ጀመረ፣ ስለ አንድ ሸራ ጫማ፣
ቢት የለው፣ ክራር የለው፣ እጁን ሳያነሳ፣ በጨለማ፦

«ሠላሳ አንድ ነበር ቁጥሯ፣ ሠላሳ ሦስት ሆኖ ቆየኝ፤
እግሯ ሳይጠብቀኝ አደገ፤ ከልጅነቷ ማን ለየኝ?
እኔን ያሰረኝ ይታወቃል፤ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፤
የጫማዋን ክር፣ ጠዋት ጠዋት፣ ያሰረላት ግን ማን ነው?»

«ይሄ ሂፕ ሆፕ አይደለም» አለ ሚልኪያስ፤ ድምፁ ግን ቀጥ አላለም።
ኪሩቤል «ነ... ነ...» ብሎ ቀረ፤ «ነው» ይሁን «ነበር» አልታወቀም።

ደረጃውን ስወጣ ግድግዳውን ዳበስኩ፤ ብሎኬት፣ ሻካራ።
እንዲህ ነበር ዕጣው ሲወጣልን፤ ዓመት ኖርንበት፣ ከንፋስ ጋር በጋራ።
እናቴ ዕቁብ ደርሷት ያስለሰነች ቀን፣ ቀለም ያስቀባች ቀን፣
ውሸት ሆነ ወይ ቤታችን?
ልስን ያልነካው ልሳንስ የማን?
አይ። እኔ ግን ልስን አይደለም ያበጀሁት፤
በሰው ብሎኬት፣ ባልኖርኩበት ቦታ፣ ግድግዳውን ነው የሠራሁት።

ስልኬን ከፍቼ «ብረት»ን ሰረዝኩ። «ሲሚንቶ» ብዬ ጻፍኩ።
ልክ ሆነ። ልክ ሲሆን፣ ይባስ የሱ ሆነ። አጠፋሁት። መልሼ ጻፍኩ።
ከታች ሶሬቲ፣ ወደ ቤቷ ስትሄድ፣ ለማንም፣ ለጨለማው፦
«አንድ ሰው! የቀረ አንድ ሰው!»