ከአንድ እስከ አምስት

ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ አራተኛ «ለ» ክፍል፣
ጦሳ ጉም ደርቦ፣ ቆርቆሮው ሲያቃጭል፣
ሠላሳ አራት እርሳስ፣ ሠላሳ አራት ወረቀት
ይዤ ቆሜአለሁ፣ ምኞት ልለካበት።

«ፈተና አይደለም፤ መልሱን አላርምም።
አንድ ማለት በቃ፣ ‹ጭራሽ አልስማማም›፤
አምስት ማለት ደግሞ ‹እጅግ እስማማለሁ›።
እርሳሱ ተመላሽ ነው፤ ሲያልቅ እቆጥራለሁ።»

አንደኛ ጥያቄ፦ «ዕቃ የበዛለት፣ ደስታውም ብዙ ነው።»
ይመር እጁን አወጣ፦ «ዕቃው የማነው?
የራሱ ነው ወይስ አጎቱ አደራ ያስቀመጠው?»
ሳቁ። እኔም ሳቅሁኝ። መልስ ግን የለኝም፤
መመሪያው ላይ ስለ አጎት የተጻፈ የለም።

አራተኛ፦ «ማስታወቂያ ሳይ፣ ያንን እመኛለሁ።»
ከኋላ አንዱ ጮኸ፦ «እኔ ሁሉንም ነው!
ብስኩቱን፣ ቀለሙን፣ ሪል እስቴቱንም!»
«ሪል እስቴት ምንድን ነው?»
«እሱንስ አላውቅም፤
ግን ሲዘፍኑለት ደስ ይላል።»
አምስትን አከበበ፣ እርሳሱ እስኪሰበር።

ዘጠነኛው ላይ ዙበይዳ ቆመች።
«ካለኝ ነገር ሁሉ ለሰው የማልሰጠው አለ» ይላል።
ሦስትን ነክታ ተወች፣ አምስትን ነክታ ተወች፤
«ቁልፍ ዕቃ ነው?» አለች።
«የምን ቁልፍ?»
«የቤት።
ያን ጊዜ በጥቅምት፣ ስንሸሽ በሌሊት፣
በእግር፣ ቁልቁል በሐረጎ፣ ከሰው ጋር፣ ከከብት፣
እናቴ በክር አርጋ አንገቴ ላይ አስራ
‹እንዳትጥዪው› አለች። ስንመለስ በኋላ
በሩም የለ፣ መቃኑም፤ የወሰደ ወስዶት።
አዲስ በር ገጠምን፤ ቁልፉም አዲስ መጣ።
አሮጌው እኔ ጋ ነው።
ምንም አይከፍትም።
ግን አልሰጥም።»

ከአንድ እስከ አምስት ሄድኩ፣ ከአምስት ወደ አንድ።
ሳጥን አጣሁለት።
ከወረቀቱ ጠርዝ ላይ «ቁልፍ፤ በሩ የሌለ» ብዬ ጫርኩ፤
ሰንጠረዥ ሲሞላ ግን ስሙን አውቀዋለሁ፦
«የጎደለ መረጃ»።

ሲወጡ ቆጠርኩኝ፤ ሠላሳ አንድ እርሳስ።
ደገምኩት። ሦስት የለም። ይሁን።

ማታ ፒያሳ ላይ፣ አበሌ በኪሴ፣
ከመስታወት ማዶ አንድ የቆዳ ጃኬት…
ሁለት ጊዜ አልፌው ሁለት ጊዜ መለሰኝ እግሬ።
በሦስተኛው ስቆም፣ ከጎኔ ልጅ አለ፤
ይመር ነው፣ ጆሮው ላይ እርሳሴን የሰካ።
ጃኬቱን አየና፣ እኔንም አየና፣
«ጋሼ» አለኝ ቀስ ብሎ፣
«እርስዎ ስንትን ያከብባሉ?»