የበሩ ትዕይንት

መጽሐፉ ውስጥ ሰውየው ከወንድሙ በር ፊት ቆሞ፣
ስልሳ ገጽ ያስባል፤ እጁን ያነሣል፣ ይመልሳል ደግሞ።
አራት ነጥብ የሌለው አንድ ዓረፍተ ነገር፣
እናቱን ከቀበረበት ቀን ተነሥቶ፣ ሳይታጠፍ ሳይሰበር፣
በልጅነት በሰረቃት ብርቱካን፣ በሐይቅ መንገድ አቧራ፣
በተካካዱበት መሬት ዞሮ፣ ተመልሶ ከዚያው ከበሩ ጋራ።

ይኼን ወደ ፊልም ልመልሰው ብዬ ደሴ ወጣሁ፣
ጦሳ ጉም ለብሶ፣ ሸዋ በር ላይ አንድ ሰማያዊ በር ተከራየሁ።
በስክሪፕቱ ስልሳው ገጽ አንድ መስመር ሆኖ ቀረ፦
«ውጭ። ጠዋት። ሰውየው ያንኳኳል።» ሌላው ተቀበረ።

መጀመሪያ ድምፅ ጨመርኩ፤ ሐሳቡን ከላይ አነበብኩት፣
እንደ እድር ጥሩምባ ለፈፈ፤ አጠፋሁት።
ቀጥሎ ትዝታ አስገባሁ፤ ልጅ፣ ብርቱካን፣ ደብዛዛ ብርሃን፤
ጦይብ ከካሜራው ጀርባ፣ «ይኼማ የሳሙና ማስታወቂያ ነው» አለን።

ካሜራ የሚያውቀው ፊት ነው።
የእኛ ሰው ግን የሚያስበው በሆዱ ነው፤
«ሆዴ ባባ» ይላል፣ «በሆዴ ያዝኩት»፣ «ሆድ ይፍጀው»፤
እና ሌንሱን የት ላስገባው?

በዘጠነኛው ቀን ይመር እንድሪስ፣
(ተዋናይ አይደለም፤ ሙጋድ ላይ ልብስ ሰፊ ነው፣ ፊቱን ወድጄ የለመንኩት)
«በቃ!» ካልኩ በኋላ ዝም ብሎ እዚያው ቀረ።
ጦይብ ካሜራውን አላጠፋም ነበረ።

ከእጅጌው ላይ ክር ለቀመ። በጣቱ ጠቀለለው።
የበሩን ምስማር መቁጠር ጀመረ፤ አምስተኛው ላይ ተወው።
ጉሮሮው አንዴ ወጣ፣ ወረደ።
እጁ ከፍ አለ፤ ከሳንቃው አንድ ጣት ሲቀረው፣
መልሶ ወደ ኪሱ ሄደ።
ጉሙ መጣና ትከሻውን ሸፈነው።

ማታ ሆቴል፣ በትንሿ ስክሪን፣ ደጋግመን አየነው፤
እናቱ፣ መሬቱ፣ ብርቱካኗ፣ ስልሳው ገጽ እዚያ ነው።
ኤዲተሯ መዲና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

በማግሥቱ ሂሳቡን ስከፍለው፣ «ያኔ ምን እያሰብክ ነበር?» አልኩት።
ሳቅ አለ። «የከሰል ካውያዬን ሳላነሣ ነው የወጣሁት፤
የሰው ሱሪ ላይ መሰለኝ ትቼው የመጣሁት።»

ለጦይብ አልነገርኩም።
ለመዲናም። ደራሲው ከመቃብር ቢነሣም አልነግረውም።
ፊልሙ ሲታይ፣ በጨለማው ውስጥ፣ አንዱ ስለ ወንድሙ ያለቅስ ይሆናል፤
ያልቅስ፤ የሚቃጠል ነገር ነበረ፣ እሱን አልዋሸሁም።
ሱሪው ተርፎ እንደሆነ ግን
እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም።