የታኅሣሥ አውራ ዶሮ

የሌሊቱ ባቡር አጥንቴን አንድ በአንድ ቆጥሮ
ላምፓንግ ላይ ጣለኝ፣ ንጋቱ ጉም ውስጥ ተቀብሮ።
የጣቢያው ዘበኛ ሦስት ሹራብ ደራርቦ
«ናው፣ ናው» አለኝ፣ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሰብስቦ፤
ብርድ ነው ማለቱ ነው። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ
ነጭ እንፋሎት ሆኖ፣ እየታየ መጣ።

አሥራ አራት ዲግሪ። ዝናብ ካቆመ ሰንብቷል፤
ወንዙ ቀጥኗል፣ የቲኩ ቅጠል መርገፍ ጀምሯል።
ለዚህ ከተማ ግን ብርድ ማለት እንግዳ ነው፣
ሦስት ሳምንት ሰንብቶ፣ ሳይሰናበት የሚሄደው፤
ስለዚህ ሹራብ ሁሉ ዘንድሮም ከሣጥን ወጥቷል፣
ከተማው ከዳር እስከ ዳር ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸታል፦
የባንኩ ጸሐፊ፣ ቀርከሃ ውስጥ ሩዝ የምትጠብሰው፣
ሞተር ብስክሌት ላይ ከእናቱ ጀርባ የተለጠፈው፣
የመንደሩ ውሻ እንኳን የልጅ ካናቴራ አጥልቆ
ቁጥር ዘጠኝ ጀርባው ላይ፣ መንገድ ይሻገራል ተጠንቅቆ።

እኔ ለአየሩ አልመጣሁም። አለ ሻንጣዬ ውስጥ
አንድ ጎድጓዳ ሣህን፣ ዶሮው የሚንቀጠቀጥ፤
ባንኮክ፣ ከመንገድ ዳር፣ በሳንቲም የገዛሁት፣
ሩዝም፣ ሾርባም፣ ኩርፊያም፣ አሥራ አንድ ዓመት የበላሁበት።
የሌላው ሣህን አውራ ዶሮ ጅራቱ ማጭድ ነው፣
አንድ ጥቁር ምት ብቻ፣ እጅ ሳያመነታ የሣለው።
የእኔው ግን ላባው ይርበተበታል፣ መስመሩ ይሰበራል፣
ቀለሙ መንገድ እንደጠፋው ሰው ቆሞ ይጀምራል።
ሠዓሊው ሰካራም ነው ብያለሁ። ሌላ ቀን፣ አርጅቷል።
አንድ ክፉ ማታ ደግሞ፦ ይህን የሣለ ሰው አልቅሷል።

ሉንግ ፓን የሚሉት ባለጋሪ ሣህኑን ገለበጠው፣
ከሥሩ ሦስት ነጥብ አገኘ፣ በጥፍሩ ዳሰሰው፣
በምላሱ ቀጭ አድርጎ ፈረሱን ቀሰቀሰው።
ባዶ እግራቸውን መነኮሳት ከጉሙ ገብተው ወጡ፣
መጀመሪያ ቀለማቸው፣ ቆይተው ራሳቸው መጡ።
ከእሳት ዳር ሩዝ ገዛልኝ፤ ልቀምስ ስል እጄን ያዘ፣
መጀመሪያ ሙቀቱን! ጣቶቼን በቀርከሃው ላይ ጠመዘዘ።
ነጩን ድልድይ አለፍን፣ ኮቴው ጉሙን እየቆረሰ፣
ዋንግ ወንዝ ከሥራችን ሳይሰማ እየፈሰሰ።

የጣውላ ቤት። ደጁ ላይ፣ ፀሐይ በነካችው ስንዝር መሬት፣
ሜ ቡዋቺን ተቀምጣለች፣ ብሩሽ ይዛ በስስት፣
ግራ እግሯ ቀይ ካልሲ፣ ቀኝ እግሯ አረንጓዴ።

ሣህኔን አየች።
ቋንቋ የለኝም፤ ጅራቱን በጣቴ አሳየኋት።
ዝም አለች። ስድብ መስሏት እንዳይሆን ብዬ ፈራኋት።
ከዚያ ብሩሹን አነሣች፣ ባዶ አየር ላይ ዘረጋች፣
ትከሻዋን ሰበቀች፣ ጥርሷን አንገጫገጨች፣
እጇን እንደ ዶሮዬ ጅራት አርገፈገፈች፣
«ናው!» አለችና፣ እስኪያንቃት ሳቀች።
ሉንግ ፓን ሳቀ። ፈረሱም የሳቀ መሰለኝ።
የማውቃት አንዲት ቃል ነበረች፤ እሷው በቃችኝ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያዘንኩላት ሴት
አላለቀሰችም።
በርዷት ነው።

ከመደርደሪያው ላይ ቀጥ ያለ ጅራት መርጣ
ሸራፋውን ልትወስድ ነበር፣ አዲሱን ሰጥታ።
እኔ የራሴን ደረቴ ላይ ለጠፍኩ። ገባት። ተነሣች፣
ከእቶኑ ኋላ ወሰደችኝ፣ ሣጥን ከፍታ አሳየች፦
የዘንድሮ ታኅሣሥ። ለሱቅ ያልበቁ፣ በርካሽ የሚሄዱ፣
ሠላሳ፣ አርባ አውራ ዶሮዎች፣ ጭድ ውስጥ ተቃቅፈው የሚርዱ።

እቶኑ ትናንት የነደደ ነው፤ ጡቡ ገና አልበረደም።
ግድግዳው ሥር፣ አፍንጫውን ጭራው ውስጥ ደብቆ፣
ቁጥር ዘጠኝ ተኝቷል፣ ሞቆት፣ አገር ምድሩን ንቆ።