ብርድ የሚባል የለም

ሐያት፣ ጥያቄሽ ደርሶኛል፣ ትናንት ሌሊት ስምንት ሰዓት፤
"አጎቴ፣ ቴርሞዳይናሚክስ ፈተና አለብኝ ሐሙስ ዕለት፤
ሁለተኛው ሕግ አልገባኝም፤ መምህሩ በሩጫ አለፈው፤
አንተ ከማሽን ጋር ነህና፣ እስቲ በሰው ቋንቋ ጻፈው።"
እኔም ያንን ኮርስ በሲ ነው፣ በሰው ማስታወሻ የጨረስኩት፤
ሕጉን ግን፣ እውነት ለመናገር፣ እዚህ ጣሪያ ላይ ነው የተማርኩት።

አጅማን ነው። ነሐሴ ነው። አሥራ ሁለት ፎቅ፣ ከዚያ ሰማይ፤
መሐላቸው ሃያ ስድስት ማሽን ሲያገሳ ጣሪያው ላይ።
አርባ ሰባት ነው ይላሉ፣ በጥላ ሥር ሲለኩት፤
ጥላ የሚሉትን እኔ ከወጣሁ ወዲህ አላየሁት።
መፍቻው ራሱ ይፋጃል፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ብይዘውም፤
ቢጁ ግን ባዶ መዳፉን ብረቱ ላይ ሲያኖር አይፈጀውም።

የኬረላ ሰው ነው ቢጁ፤ የተማረው እስከ አራት፤
በጆሮው ግን ይለየዋል የጋዝ ማነስ፣ የዘይት ጥማት።
ገና በመጣሁ ሰሞን "ብርዱ ከየት ነው የሚመጣው?" አልኩት፤
ሳቀ። ሁላችን በምንኮላተፍባት ዓረብኛ ሲመልስ ሰማሁት፦
"ማፊ ባርድ። ሐራራ ሩሕ።"
ብርድ የለም። ሙቀት ሄደ።
በቃ። የአንድ ሴሚስተር ኮርስ በአራት ቃል ነጎደ።

ብርድን የሚያመርት የለም፤ ፋብሪካም የለው፣ ጎተራ፤
ሙቀትን ማመላለስ ነው የዚህ ሁሉ ብረት ሥራ።
ጋዙን ወዛደር ነው በይው። ፈሳሽ ሆኖ ቤት ይገባል፣
ሲተን የሳሎኑን ሙቀት ልቅም አድርጎ ይሸከማል፤
ከዚያ ኮምፕረሰር ይጨምቀዋል፤ ይግላል ከነሐሴ በላይ፤
ሸክሙንም ያራግፈዋል፣ እዚህ፣ እኔና ቢጁ ላይ።

አንደኛው ሕግ የባለሱቅ ነው፤ ገቢና ወጪ ማስታረቅ፦
ከቤት የወጣው ሙቀት፣ ሲደመር ኮረንቲው፣ ጣሪያ ላይ ነው የሚወድቅ።
ሁለተኛው ግን ጠባይ ነው። ሙቀት እንደ ውሃ ቁልቁል ነው የሚፈሰው፤
ሽቅብ፣ ከቀዝቃዛ ወደ ትኩስ፣ አይወጣም ካልከፈለ ሰው።
የሚከፍልም ቢሆን ደግሞ የሚባክንበት አያጣም፤
መቶ ከመቶ የሚባል ማሽን አልተወለደም፣ አይመጣም።
እያንዳንዱ ቤት ሙቀቱን ጎረቤቱ ላይ ይደፋል፤
ማታም የከተማው አየር እንደ ላብ አንገት ላይ ያርፋል።

ማክሰኞ ለት ዘጠኝ መቶ አራት ገባሁ፣ ቴርሞስታቱን ላይ፤
አሥራ ስምንት ይላል። ሕፃን ተኝቷል፣ ብርድ ልብስ ከላይ።
አፍንጫው ቀልቷል፣ ያስላል። እናቱ "ይበርዳል" ትላለች፤
ሪሞቱ ግን ከረመዳን ወዲህ የት እንደገባ አጥታለች።
የዚያን ልጅ ሙቀት ነው እንግዲህ፣ ስመለስ የጠበቀኝ።

የቀትር ዕረፍት ሕግ አለ፤ ድንገተኛ ብልሽት ግን አይመለከትም፤
ድንገተኛ ያልሆነ ብልሽት ደግሞ እኔ አላየሁም የትም።
ሰባት ሰዓት ላይ ቢጁ "ስማ" አለኝ፣ ጆሮውን ወደ ብረቱ ሲያዞር፤
ከዚያ ጉልበቱ ከዳው። ማሽኑ አላቋረጠም ነበር።
ከሮቶው ውሃ ቀዳሁለት፤ ትኩስ ነው፣ ሻይ ይፈላበታል፤
ፊቱ ላይ ስደፋው ዓይኑን ገልጦ "ጋዝ ቀንሷል" ይላል።

ፈተናው ላይ ይህን አትጻፊ። የሚጠይቁሽን ጻፊ።
ቀስቱን፣ ምልክቱን አስተካክይ፤ በሲ ሳይሆን በኤ እለፊ።
ግን መጽሐፍሽ ውስጥ ሳጥን አለ፣ በተቆራረጠ መስመር የታጠረ፤
ውስጡ "ሥርዓት" ይባላል፤ ውጪው "አካባቢ" ተብሎ የቀረ።
ከሳጥኑ ቀስት ይወጣል፤ "ኪው" ይላል፣ ሌላ የለውም፤
ጫፉ የት እንደሚያርፍ ግን ሠዓሊው አላሰበውም።

እዚያ ነን፣ ሐያት። ጫፉ ላይ።

ካልኩሌተር በሙዘይን ልኬልሻለሁ፤ በፀሐይ ነው የሚሠራ።
አራተኛው ማሽን ድምፁን ቀየረ፤ ልሂድ፣ ቢጁ ተጣራ።